የትራክ ብስክሌት በመንገድ ላይ፦ ጠንካራ መንኮራኩር እንዴት ይመረጣል?

የትራክ ብስክሌት ፊክስድ ነው፤ ማለትም የኋላው ጥርስ በነፃ ስለማይሽከረከር መንኮራኩሩ እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። የተሠራው ለቬሎድሮም፣ ማለትም ለብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ነው፤ የዚያ ወለል ለስላሳ ነው። ጉድጓድ የለበትም፣ የውኃ መውረጃ ፍርግርግ የለበትም፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝም የለበትም። ለዚያ ወለል ተብሎ የተሠራ መንኮራኩር ወደ መንገድ ሲወጣ ሦስት አዲስ ጠላቶች ይገጥሙታል። አንደኛው ከታች ወደ ላይ የሚመጣው የጉድጓድ ምት ነው። ሁለተኛው ፔዳልን ወደ ኋላ በመያዝ ለማቆም ሲሞከር በሞዞው ላይ የሚያርፈው ጠምዛዥ ኃይል ነው። ሦስተኛው ውኃና አቧራ ነው። አብዛኛው ገዢ ግን መንኮራኩር የሚመርጠው በቸርኬው ጥልቀትና በቀለሙ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሦስቱ ጠላቶች አንዱንም አያስታግሡም።

ስለዚህ ገንዘቡ መውጣት ያለበት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የሞዞው ፊሌቶ፣ ቀጥሎ የሽቦው ብዛትና የውጥረቱ እኩልነት፣ ከዚያ የጎማው ስፋት። የቸርኬው ቅርጽ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቃላቱ እንዳይምታቱ፦ እዚህ «መንኮራኩር» የምንለው ሙሉውን ክብ ነው። «ቸርኬ» የውጪው የአልሙኒየም ቀለበት፣ «ሞዞ» በመሐል አክስሉን የሚይዘው፣ «ሽቦ» ሁለቱን ወጥሮ የሚያያይዘው፣ «ጎማ» ላስቲኩ ነው። «ፒኞን» የኋላው ጥርስ፣ «ኮሮና» ፔዳሉ የሚያዞረው የፊቱ ትልቅ ጥርስ፣ «ፊሌቶ» ደግሞ ብሎን የሚጠመዘዝበት መስመር ነው።

ከሁሉ በፊት የሚለካ

የትራክ ፍሬም የኋላ ክፍተት 120 ሚሊሜትር ነው፤ የፊቱ 100። የመንገድ ብስክሌት የኋላ ሞዞ ብዙውን ጊዜ 130 ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ ወደ ትራክ ፍሬም አይገባም። ፍሬሙን በጉልበት ከፍቶ ማስገባት ይቻላል የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት፤ በተለይ ፍሬሙ አልሙኒየም ወይም ካርቦን ከሆነ ውጤቱ ስንጥቅ ነው። በተቃራኒው 126 ሚሊሜትር የሆነ የቆየ የብረት የመንገድ ፍሬም ላይ 120 ሞዞ ማሰር ቀላል ነው፤ በአክስሉ ግራና ቀኝ 3 ሚሊሜትር ሮንዴላ መጨመር ብቻ ይጠይቃል።

ሌላው ልኬት በፍሬሙና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ለውድድር የተሠሩ ብዙ የትራክ ፍሬሞች ከ25 ሚሊሜትር በላይ ጎማ አያስገቡም። በአሁኑ ጎማ ግራና ቀኝ እንዲሁም ከላይ፣ ከሹካው ሥር፣ ያለውን ክፍተት ይለኩ። በእያንዳንዱ በኩል ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መቅረት አለበት፤ መንኮራኩሩ ትንሽ ሲጣመም ፍሬሙን እንዳይፍቅ። ይህን ሳይለኩ ሰፊ ቸርኬ የገዙ ሰዎች መንኮራኩሩ ሲደርስ ጎማው ፍሬሙን ሲነካ ያገኙታል።

ሞዞው፦ የማይጠገነው ክፍል

ቸርኬ ቢጣመም ይቀናል ወይም ይቀየራል። ሽቦ ቢበጠስ አንድ ሽቦ ነው። የሞዞው ፊሌቶ ከተበላ ግን ሙሉ ሞዞው ያበቃለታል፤ ሌላ ሞዞ ገዝቶ መንኮራኩሩን እንደገና ማሰር ይጠይቃል። ለዚህ ነው ምርጫውን ከዚህ የምንጀምረው።

እውነተኛ የትራክ ሞዞ ሁለት ደረጃ ያለው ፊሌቶ አለው። ሰፊው ደረጃ ፒኞኑ የሚጠመዘዝበት ነው፦ 1.37 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ፣ እንደ ተለመደው ወደ ቀኝ የሚጠብቅ። ጠባቡ ደረጃ የመቆለፊያ ቀለበቱ የሚገባበት ነው፦ 1.29 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ፣ ወደ ግራ የሚጠብቅ። የሁለቱ አቅጣጫ መቃረን ዋናው ብልሃት ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲይዙ ፒኞኑ ሊፈታ ይሞክራል፤ ሊፈታ ሲነሣ ግን የሚነካውን ቀለበት ይዞት ስለሚዞር ቀለበቱን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ።

አንዳንድ ርካሽ መንኮራኩሮች ላይ ያለው ሞዞ ግን ይህ ሁለተኛ ደረጃ የለውም። የተሠራው ለፍሪዊል ነው፤ ማለትም ፔዳሉ ቆሞ መንኮራኩሩ በነፃ ለሚሽከረከርበት ጥርስ። ፊሌቶው ያው 1.37 በ24 ስለሆነ የትራክ ፒኞን ያለ ምንም ችግር ይገባበታል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ከፔዳል ዘንግ ቱቦ ላይ የተወሰደ ቀለበት ወይም ጠንካራ ሙጫ ተጠቅመው «ይይዛል» የሚሉ አሉ። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲይዙ ፒኞኑ ተፈትቶ በባዶ ይሽከረከራል፤ የፊት ፍሬን ከሌለ ማቆሚያ የለም። እንዲህ ያለውን ሞዞ ለፊክስድ አይጠቀሙ።

የፊሌቶው ጭነት ስንት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። የፔዳል ክንዱ 165 ሚሊሜትር ቢሆንና በ500 ኒውተን ኃይል ወደ ኋላ ቢስቡ፣ በፔዳሉ ዘንግ ላይ 82.5 ኒውተን ሜትር ይፈጠራል። ኮሮናው 48፣ ፒኞኑ 16 ከሆነ ይህ ለ3 ተካፍሎ ሞዞው ላይ 27.5 ይደርሳል። ኮሮናው 40 ቢሆን ግን የሚካፈለው ለ2.5 ስለሆነ 33 ይሆናል። ቀላል ማርሽ ለጉልበት ይመቻል እንጂ ሞዞውን የበለጠ ይጠመዝዘዋል። አሁን ወደ ፊት ያለውን እንይ፦ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ፔዳል ላይ ሙሉ በሙሉ ቢቆም በ48 በ16 ሞዞው ላይ 43 ኒውተን ሜትር ገደማ ያርፋል። ስለዚህ ዳገት ፒኞኑን በእጅ ከምናጠብቀው በላይ ያጠብቀዋል ማለት ነው። ይህ እውቀት መጨረሻ ላይ ፒኞን ስናስር ይጠቅመናል።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ዝግጅት ይገኛል። በአንድ በኩል የትራክ ፊሌቶ፣ በሌላው በኩል የፍሪዊል ፊሌቶ ያለው ሞዞ በጣም የተለመደው ነው፤ መንኮራኩሩን ገልብጦ ማሰር ስለሚያስችል ለጀማሪ ይመቻል። በፍሪዊል በኩል ለመንዳት ግን የፊትና የኋላ ፍሬን ያስፈልጋል፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ መያዝ ከእንግዲህ አያቆምም። በሁለቱም በኩል የትራክ ፊሌቶ ያለው ሞዞ ብዙ ለሚያንሸራትት፣ ማለትም ፔዳሉን ቆልፎ ይዞ የኋላውን ጎማ መንገድ ላይ እየጎተተ ለሚያቆም ሰው የተሻለ ነው። አንዱ ቢበላ ሌላው መጠባበቂያ ነው፤ ሲያስፈልግም ፍሪዊል በትራክ ፊሌቶ ላይ መግባት ይችላል፣ የሚይዘው መስመር ጥቂት ቢሆንም። በአንድ በኩል ብቻ ፊሌቶ ያለው ደግሞ ለውድድር እንጂ ለመንገድ የተለየ ጥቅም የለውም።

ፊሌቶን ጨርሶ የሚተዉ ሞዞዎችም አሉ፤ ፒኞኑ በስድስት ብሎን ይታሰራል ወይም በጎድጓዳ ጥርሶች ላይ ተሰክቶ ይቆለፋል። ማንሸራተት የዕለት ተዕለት ልማድ ለሆነበት ሰው ይህ ትልቁ ጥቅም ነው። ጉዳቱ የፒኞን ምርጫው ማነሱና ተተኪውን ከየትም ማግኘት አለመቻሉ ነው።

ማሳሰቢያ ስለ መቆለፊያ ቀለበት፦ የካምፓኞሎ የትራክ ሞዞዎች 1.32 ኢንች ቀለበት ነው የሚጠቀሙት። በዓይን ልዩነቱ አይታይም። 1.29 የሆነው ቀለበት በ1.32 ላይ አይገባም፤ 1.32 የሆነው ግን በ1.29 ላይ ላላ ብሎ ይገባና ሲጠበቅ ፊሌቶውን ይልጠዋል። ቀለበቱ በእጅ ሲጠመዘዝ ወዲያና ወዲህ ከተንቀጠቀጠ የተሳሳተ ነው።

ኩሽኔታውን በሚመለከት፣ ለመንገድ ታሽጎ የተሠራው ይመረጣል። ሲያረጅ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፤ ለ10 ሚሊሜትር አክስል የተለመደው 6000 ቁጥር የሆነው፣ 10 በ26 በ8 ሚሊሜትር የሚለካው ነው፤ የብስክሌት ሱቅ ብቻ ሳይሆን ኩሽኔታ የሚሸጥ ሁሉ ይኖረዋል። ልቅ ኳስ ያላቸው ሞዞዎች፣ ለምሳሌ የሺማኖ ዱራ-ኤስ 7600፣ በእርጋታ ከተስተካከሉ እጅግ ለስላሳ ናቸው። ግን ውኃ ከገባባቸውና ሳይጸዱ ከቆዩ ኳሶቹ የሞዞውን ጽዋ ይቦረቡራሉ፤ የተቦረቦረ ጽዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቀየርም። በየጥቂት ወሩ ፈትቶ ግሪስ የሚቀይር ሰው ይምረጣቸው።

ስለ ሞዞው ክንፍ፣ ማለትም ሽቦው ስለሚሰካበት ጠርዝ፣ ብዙ ይባላል። ትልቅ ክንፍ ያለው ያምራል፤ ጥቅሙ ግን ከሚወራው ያነሰ ነው። በትልቅ ክንፍ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለማስዋብ የተከፈቱ ከሆኑ ደግሞ ክንፉን ያደክሙታል።

አክስሉ የኋላው 10፣ የፊቱ 9 ሚሊሜትር ሲሆን የኋላው ዳዶ በ15 ቁጥር ቁልፍ ነው የሚታሰረው። በኋላ በኩል በእጅ ማንሻ የሚታሰር ባዶ አክስል አይመከርም፦ ሰንሰለቱ ቀኙን ወደ ፊት ሲስብ መንኮራኩሩ ይሸሻል፣ ጎማው ፍሬሙን ይነካል። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ከዳዶው ጋር አብሮ የተሠራበት ዳዶ የተሻለ ይይዛል።

ስንት ሽቦ?

መንኮራኩር የሚቆመው ሽቦዎቹ ክብደቱን ከሥር ደግፈው አይደለም። ሁሉም ተወጥረዋል፤ ክብደት ሲያርፍ ከታች ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል። መንኮራኩር የሚጣመመው እነዚያ የታችኞቹ ሙሉ በሙሉ ሲላሉ ነው። የላላ ሽቦ ቸርኬውን ወደ ጎን ከመሸሽ አይጠብቅም፤ ሽቦውን ከቸርኬው ጋር የሚያጠብቀው ትንሽ ዳዶም በራሱ መዞር ይጀምራል። ይህን የተረዳ ሰው ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል፦ ሽቦ በበዛ ቁጥር ምቱ ይከፋፈላል፤ ውጥረቱ ከፍ ባለ ቁጥር ለመላላት ረጅም መንገድ ይቀረዋል፤ ቸርኬው በጠነከረ ቁጥር ምቱን ለብዙ ሽቦዎች ያዳርሳል።

በቁጥር ሲታይ፣ የተለመደው የ622 ሚሊሜትር ቸርኬ ዙሪያው 1954 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 36 ሽቦ ከሆነ በሁለት ሽቦዎች መካከል 54 ሚሊሜትር ይቀራል፤ 32 ከሆነ 61፤ 24 ከሆነ 81፤ 20 ከሆነ 98 ገደማ። 98 ሚሊሜትር ያለ ድጋፍ የተተወ ቸርኬ ጉድጓድ ሲመታ የሚሆነው ግልጽ ነው። ደግሞም ከ20 ሽቦ አንዱ ቢበጠስ መንኮራኩሩ ሹካውን እስኪነካ ሊጣመም ይችላል፤ ከ36 አንዱ ቢበጠስ ግን ጎረቤቶቹን ትንሽ አላልቶ ወደ ቤት መግባት ይቻላል። ኬይሪን በሚባለው የጃፓን የትራክ ውድድር የሚወዳደሩት እንኳ በለስላሳ ወለል ላይ ባለ 36 ሽቦ መንኮራኩር ነው የሚነዱት።

የትራክ የኋላ መንኮራኩር ከመንገድ ብስክሌት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ማርሽ የተደራረበበት የመንገድ መንኮራኩር ቸርኬውን መሐል ለማስያዝ የግራውን ሽቦ በጣም ማላላት ይጠይቃል፤ የግራው ውጥረት ከቀኙ ግማሽ ገደማ ሊሆን ይችላል። በትራክ ሞዞ ላይ ሁለቱ ክንፎች ከመሐል እኩል ይርቃሉ፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ እኩል ይወጠራሉ። ባለ 32 ሽቦ የትራክ መንኮራኩር ባለ 36 የመንገድ መንኮራኩርን ሊበልጥ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ክብደታቸው ከ70 ኪሎ በታች የሆነና ጠርዝ የማይዘሉ ሰዎች ፊት 28፣ ኋላ 32 ይበቃቸዋል። እስከ 90 ኪሎ ድረስ ሁለቱም 32። ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ዕቃ ጭኖ ለሚሠራ ወይም ለሚዘል ሰው ኋላው 36 ይሁን። 20 እና 24 ሽቦ ያላቸው ለመንገድ አይመከሩም፤ ለመታየት ብቻ ካልሆነ።

የሽቦው አሠራርም ይለያያል። ለ32 እና ለ36 እያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ሌሎችን ተሻግሮ የሚያልፍበት አሠራር ትክክለኛው ነው። በ28 ቀዳዳ ትልቅ ክንፍ ላይ ሦስት መሻገር ሽቦውን በጎረቤቱ ራስ ላይ ስለሚያስተኛው ሁለት መሻገር ይሻላል። ሽቦው ከሞዞው ቀጥ ብሎ የሚወጣበት አሠራር ለኋላው ፈጽሞ አይሆንም፤ ጠምዛዥ ኃይልን የሚያስተላልፈው የተሻገረ ሽቦ ነው። በፊት በኩል እንኳ ቀጥ ያለው ሽቦ ክንፉን ወደ ውጪ ስለሚጎትት አንዳንድ አምራቾች ዋስትናቸውን በዚህ ምክንያት ይሰርዛሉ።

ሽቦው ከዝገት ነፃ ከሆነ ብረት፣ ጫፎቹ 2.0 ሚሊሜትር መሐሉ 1.8 የሆነው ይመረጣል። ቀጭኑ መሐል ደካማ ይመስላል፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። ቀጭኑ መሐል የበለጠ ስለሚለጠጥ ምት ሲመጣ ፈጥኖ አይላላም፤ ጭንቀቱንም ሽቦ ዘወትር ከሚበጠስበት ክርን ያነሣለታል። ዳዶዎቹ የነሐስ ይሁኑ። የአልሙኒየም ዳዶ ጥቂት ግራም ያድናል፤ እርጥበት ሲያገኘው ግን ከሽቦው ጋር ይጣበቃል፣ ለማቅናት ሲሞከርም ጭንቅላቱ ይላጣል።

ቸርኬው

ጥልቀት የሌለው ባለ ሣጥን ቅርጽ ቸርኬ፣ ለምሳሌ ማቪክ ኦፕን ፕሮ፣ ቀላልና ምቹ ነው፤ ጥሩ ሆኖ ከተወጠረ ዓመታት ያገለግላል። ጉዳቱ በከባድ ምት አንድ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ የመሆን ዕድሉ መብዛቱ ነው። 30 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ባለ ሹል ቅርጽ፣ ቬሎሲቲ ዲፕ ቪ የሚባለው ዓይነት፣ ለመንገድ ፊክስድ የተለመደው ምርጫ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርጹ ራሱ ቸርኬውን ስለሚያጠነክረው አንድ ሽቦ ቢላላም ቶሎ አይወላገድም። ከ40 ሚሊሜትር በላይ የሆነው፣ ለምሳሌ 42 የሆነው ኤች ፕላስ ሰን ኤስኤል42፣ የበለጠ ጠንካራ ነው። ግን ክብደቱ ይሰማል፣ የጎን ነፋስ መሪውን ይገፋዋል፣ ለከመነዳሪውም 60 ሚሊሜትር የሚረዝም ቫልቭ ያስፈልገዋል። ከመነዳሪ በመንገድ ላይ ቢበሳና መለዋወጫው አጭር ቫልቭ ያለው ከሆነ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ከ30 ወደ 42 መሄድ የሚጨምረው ጥንካሬ ከ28 ሽቦ ወደ 32 መሄድ ከሚጨምረው ያነሰ ነው ባዮች ነን።

ጥልቀት ከማየት ይልቅ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ውስጣዊ ስፋት ነው። 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የቆየ ቸርኬ 28 ጎማ ሲገባበት ጎማው ከሥሩ ጠብቦ ከላይ ያብጣል፤ ኩርባ ላይም ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ከ25 እስከ 32 ለሆነ ጎማ 17 ወይም 19 ሚሊሜትር ውስጣዊ ስፋት ይመቻል።

ሁለተኛው የፍሬን ገጽ ነው። የፊት ፍሬን ለመግጠም ለጊዜው ሐሳብ ባይኖርም እንኳ የፊቱን ቸርኬ በማሽን የተስተካከለ የፍሬን ገጽ ያለው ያድርጉት። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላውን ማንሸራተት ሁልጊዜ ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ላይ ፍሬን ከገጠሙ ቀለሙ በጥቂት ቀናት ተፍቆ ይዥጎረጎራል፤ ቀለሙ እስኪያልቅም በዝናብ የፍሬኑ ጎማ ያንሸራትታል።

በሙጫ ለሚለጠፍ ቱቡላር ጎማ የተሠራ ቸርኬ በርካሽ ሲሸጥ ሊያጓጓ ይችላል። ለመንገድ ይተዉት። በተበሳ ቁጥር ልጥፉን ልጦ፣ ሌላ አድርቆ መለጠፍ አለ፤ ከዚያ በላይ ግን በግድየለሽነት የተለጠፈ ቱቡላር ማንሸራተት ሲበዛበት ከቸርኬው ይነቀላል። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ክንድ ወጥ መንኮራኩሮችም እንዲሁ፦ ከተጣመሙ ወይም ከተሰነጠቁ አይቀኑም፣ ይጣላሉ።

ጎማው የመንኮራኩሩ ጋሻ ነው

ርካሹ የማጠናከሪያ መንገድ ይህ ነው። 23 ሚሊሜትር ጎማ ጠንከር ያለ ጠርዝ ሲመታ ቸርኬው ድረስ ይታመቃል፤ ከመነዳሪው በሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ይበሳል፣ ቸርኬውም ይጎረብጣል። 28 ጎማ ያንኑ ምት በአየር ይውጠዋል። 75 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው 23 ጎማ ከ7 እስከ 8 ባር ሲፈልግ ለ28 ከ5 እስከ 6 ይበቃል። ፍሬሙ 28 ካስገባ 25 አይግዙ፤ 25 ካስገባ 23 አይግዙ።

የኋላው ጎማ የሚያልቀው በማንሸራተት ነው፤ የት እንደሚያልቅ የሚወስነው ደግሞ የማርሽ ጥምርታው ነው። 48 በ16 ሲካፈል 3 ለ1 ስለሚሆን በአንድ እግር ብቻ የሚያንሸራትት ሰው ጎማውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚፍቀው፤ አዲስ ጎማ በሳምንታት ውስጥ ክሩ ይወጣል። 46 በ16 ወደ 23 ለ8 ስለሚያጥር 8 ቦታ ይሰጣል። 47 በ17 ወይም 49 በ17 አይካፈልም፤ 17 ቦታ ይሰጣል። አንድ ጥርስ መቀየር ጎማን ብዙ እጥፍ ያቆያል።

በፋብሪካ የታሰረ፣ በእጅ የታሰረ፣ ያገለገለ

በማሽን ታስሮ የሚሸጥ መንኮራኩር ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ክፍሎቹም ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ድክመቱ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ውጥረቱ ዝቅተኛና ያልተስተካከለ መሆኑ። እንዲህ ያለውን ገዝቶ ወዲያው ለአስተካካይ መስጠት ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ስምምነት ነው። በእጅ የታሰረ ከመረጡ አሳሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ውጥረቱን በመለኪያ ይለካል ወይ? ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ እየጨበጠ ያስተኛቸዋል ወይ? ከ100 እስከ 120 ኪሎግራም ኃይል የሚደርስ ውጥረት ለብዙ ቸርኬዎች ተገቢ ነው፤ የቸርኬው አምራች ያስቀመጠው ጣሪያ ግን ይቀድማል። በአንድ መንኮራኩር ላይ ያሉ ሽቦዎች ከአማካያቸው ከ10 በመቶ በላይ ባይለያዩ ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌለ ሽቦዎቹን እንደ ክራር ይምቷቸው፤ ተቀራራቢ ድምፅ ካላወጡ እኩል አልተወጠሩም።

ያገለገለ ሲገዙ ፒኞኑ ተፈትቶ ካልታየ አይግዙ። የፊሌቶው ጫፎች ሹል መሆን አለባቸው፤ ጠፍጠፍ ብለው የሚያብረቀርቁ ከሆነ ተበልተዋል። በቸርኬው ላይ በየሽቦው ቀዳዳ ዙሪያ የፀጉር መስመር የሚመስል ስንጥቅ ይፈልጉ። የፍሬኑ ገጽ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ግድግዳው ሳስቷል። አክስሉን በጣት ያዙሩት፤ እየተንገጫገጨ ከዞረ ኩሽኔታው ሄዷል። ይህ የመጨረሻው ታሽጎ የተሠራ ከሆነ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይደለም።

ለአብዛኛው የመንገድ ነጂ የምንመርጠው ይህን ነው፦ በሁለቱም በኩል የትራክ ፊሌቶና የታሸገ ኩሽኔታ ያለው ሞዞ፣ 32 ሽቦ ሦስት ጊዜ ተሻግሮ፣ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቸርኬ፣ 28 ጎማ። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ቸርኬውን ርካሽ ያድርጉት፣ ሞዞውን አይንኩት። በየቀኑ የሚያንሸራትትና የሚዘል ሰው የኋላውን ወደ 36 እና ፒኞኑ በብሎን ወደሚታሰርበት ሞዞ ያሳድግ። ፊቱንና ኋላውን ተመሳሳይ ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ ፊቱ ጠምዛዥ ኃይል ስለማይደርስበት ያነሰ ሽቦ ይችላል።

ፒኞኑን ማሰር

ጥሩ ሞዞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ፊሌቶውን በብሩሽ አጽድተው ስስ ግሪስ ይቀቡ። ፒኞኑን በእጅ ብቻ ያስጀምሩ፤ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ኃይል ካልገባ ጠሞ ገብቷልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ከዚያ በሰንሰለት ባለው መያዣ እስከ መጨረሻው ያጥብቁ። የመቆለፊያ ቀለበቱን ወደ ግራ እየጠመዘዙ ያስገቡና ጥርሱን በሚይዝ መንጠቆ ቁልፍ ያጥብቁ፤ በመዶሻና በፍላት ካቻቢቴ የሚመታ ቀለበት ሁልጊዜ በኋላ ይፈታል። ቀለበቱ ከተጠበቀ በኋላ በእሱና በፒኞኑ መካከል ወረቀት ከገባ ፒኞኑ ለሞዞው ቀጭን ነው፤ ቀለበቱ ፒኞኑን ሳይነካ የሞዞውን ደረጃ ነክቶ ቆሟል ማለት ነው፣ ምንም አልቆለፈም።

ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 10 ሚሊሜትር ገደማ እንዲላላ አድርገው መንኮራኩሩን በፍሬሙ ላይ ያጥብቁ፤ ኮሮናውን አንድ ሙሉ ዙር እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ያግኙና ልኩን እዚያ ይውሰዱ። ከዚያ የፊት ፍሬን እየተጠቀሙ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሳይዙ፣ አንድ ጠንካራ ዳገት ቆመው ይውጡ። ቀደም ሲል እንዳሰላነው ዳገቱ ፒኞኑን ከእጅ በላይ ይጨምቀዋል፤ በዚህ ጊዜ ፒኞኑ ከቀለበቱ ጥቂት ይርቃል። ሲመለሱ ቀለበቱን እንደገና ያጥብቁ። ከ50 ኪሎሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት፤ ሽቦዎቹንም በ150 ኪሎሜትር ገደማ ያስመርምሩ።

ሌላ ጊዜ ፒኞኑን ለመቀየር ሲፈቱ ቀለበቱ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። እጅ በልማድ ወደ ግራ ስለሚሄድ ብዙ ፊሌቶ የሚላጠው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ቀለበቱ አልፈታ ሲልዎት ኃይል ከመጨመር በፊት አቅጣጫውን ይዩ።